ይሄ ቤት ዝም ብሏል

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይልክልኛል። ከገንዘቡ ጋር የድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። "እህቴ፣ መጀመሪያ የቤቱን ግብር ክፈይ። የተረፈው የአማና የአንቺ ነው።" ስድስት ዓመት እንዲህ አለ። እኔም ስድስት ዓመት "እሺ" አልኩ። አልከፈልኩም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንኳ ሄጄ ነበር። ፋይሉ አልተገኘም፣ "ሰኞ ተመለሺ" ተባልኩ። ሰኞ ፈተና ነበረኝ። በዚያው ሳምንት የአማ ጉልበት ተነሳባትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ገንዘቡ እዚያ አለቀ። በሁለተኛው ዓመት የታናሽ ወንድማችን መመዝገቢያ ደረሰ። በሦስተኛው ዓመት... እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሦስተኛው ዓመት ስልክ ገዛሁበት። ከዚያ ወዲህ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። ማንም አልጠየቀኝማ! ወረቀት አልመጣም፣ በር ያንኳኳ የለም፣ ወንድሜም አንድ ቀን "ደረሰኙን አሳዪኝ" ብሎ አያውቅም።

ቤቱ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው አቅጣጫ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ እዚያ መስኮት ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች ጥፋት አይደለም ዋናው ጉዳዬ። አራት ክፍል የብሎኬት ቤት ነው፣ ከኋላው ጥቂት እንሰት አለ፣ አማ ትኖርበታለች። የእኛን አገር የምታውቁ ታሪኩን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ሾኔም ሆነ ዶዮገና፣ አዲስ ግድግዳ ሲነሳ ባያችሁ ቁጥር "የማን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚመለስላችሁ "ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ ነው" የሚል ነው። ባለቤቱ ጆሃንስበርግ ዳርቻ ሱቅ ውስጥ ከፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ቤቱ እዚህ ቆሟል። በመካከላቸው እንደኔ ያለ ሰው አለ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017፣ ወንድሜ ወደ አገሩ ለመመለስ አሰበ። ሆሳዕና ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሊከፍት፣ ቤቱን አስይዞ ከባንክ ሊበደር። ባንኩ ካርታና ክሊራንስ አለ። ክሊራንስ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከግብር ነፃ መሆናችሁን የሚመሰክር ወረቀት ነው። ስለዚህ ውክልናዬን ይዤ ያንን መስኮት ለሁለተኛ ጊዜ ሄድኩበት።

ጡረታ የደረሱ የሚመስሉ ጋሼ ነበሩ። ፋይሉን በዚህኛው ቀን በአምስት ደቂቃ አገኙት። አቧራውን አራገፉ፣ ገለጡ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"እህቴ፣ ይሄ ቤት ዝም ብሏል እኮ።"

በእርሳስ መደመር ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር፦ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ ቅጣት፣ ወለድ። የስድስቱ ዓመት ዋናው ግብር 7,400 ብር ገደማ ነበር። ከቅጣትና ወለዱ ጋር ከ12,000 በላይ ሆነ። ቁጥሩን ስሰማ የተሰማኝ ድንጋጤ አልነበረም፤ እፍረት ነው። ትንሽ ስለነበረ። በየዓመቱ ቢከፈል ወንድሜ ከሚልከው ላይ ጎልቶ የማይታይ ገንዘብ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ማንም ያልጠየቀው ዕዳ ሲያድግ ጥፋቱ የማን ነው?

መጀመሪያ መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የነሱ ነው! ስድስት ዓመት አንድ ወረቀት ያልላከ መሥሪያ ቤት በስድስተኛው ዓመት ቅጣት ሲያስከፍል ምን ይባላል? እስቲ አሰባሰቡን ልብ በሉት። በከተሞቻችን የቤት ግብር በአብዛኛው የሚሰበሰበው በመሄድ ሳይሆን በመጠበቅ ነው። ስም ለማዛወር፣ አጥር ለማጠር፣ ለመሸጥ፣ ለመበደር፣ ውርስ ለመካፈል አንድ ቀን መስኮቱ ጋ መምጣታችሁ አይቀርም። ያን ቀን ፋይሉ ይገለጣል። ሕጉ ላይ ሌላም መሰላል አለ፦ ማስጠንቀቂያ፣ ባንክ ያለን ገንዘብ ማገድ፣ ንብረት መያዝ፣ ሐራጅ። በሊዝ ለተያዘ ቦታ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ የሦስት ዓመት ክፍያ የተጠራቀመበትን ሰው ንብረት ይዞ እስከ መሸጥ ሥልጣን ይሰጣል። ግን እንደኛ ባለ ነባር ይዞታ፣ በትንሽ ከተማ፣ ለጥቂት ሺህ ብር መሰላሉን የሚወጣ ሰው ብዙም አይታይም። መጠበቅ ይረክሳል። ቅጣቱም እየጠበቁ ይቆጥራል።

ይህን ለአንድ ዘመዳችን፣ ለሸመገሉ አጎቴ፣ ስነግራቸው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ግብር የሚከፈለው እንዳይመጡብሽ ነው" አሉ። ካልመጡማ ምን ትፈልጊያለሽ ማለታቸው ነው።

እሳቸው እንዲህ የሚያስቡበት ምክንያት አለ። ግብር የሚለው ቃል በአማርኛ ሰፊ ነው፤ ሥራም ነው፣ ድግስም ነው፣ ለመንግሥት የሚከፈለውም ነው፤ ሥነ ምግባርን እንኳ ግብረ ገብ እንላለን። ወደኛ አገር ሲመጣ ግን አንድ ትርጉም ነበር የያዘው። ሀዲያና ከምባታ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለሉ ገበሬው ገባር ሆነ፤ ለተመደበለት ነፍጠኛ እህሉንም ጉልበቱንም ሰጠ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሥርዓቱ በሕግ ቀረ ቢባልም ቃሉ አፍ ውስጥ ቀረ። አጎቴ የሚያስታውሱት ግብር ሰብሳቢ መስኮት ጀርባ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ በበቅሎ የሚመጣ ሰው ነው። እንዲህ ላለ ትውልድ ዝም ያለ ሰብሳቢ ጸጋ ነው።

ለኔ ግን አይደለም። እኔ የተማርኩት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚልበት ዘመን ነው። የጋሼ መስመሮች ላይ ለመሬቱ "ኪራይ" ለቤቱ ደግሞ "ግብር" ተብሎ የተለየው ለዚህ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1968፣ አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ፦ ቦታውን ከመንግሥት ተከራይተኸዋል፣ ስለዚህ የቦታ ኪራይ ትከፍላለህ፤ ቤቱ ያንተ ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ ከሚገመተው ላይ የቤት ግብር ትከፍላለህ። አዲስ አበቤዎች ጣሪያና ግድግዳ የሚሉት እሱ ነው። መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ይህ ስሌት ግን ግማሽ መቶ ዓመት ኖረ።

እንግዲህ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ኪራዩን ያላገኘው ማነው? ይህን ሳስብ ጎረቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

እትዬ ቆጮና ቅቤ ይነግዳሉ። ቤታቸው ጭቃ ነው፣ ካርታ የላቸውም፤ ከገበሬ ላይ በሽማግሌ ፊት የገዙት ቦታ ከተማዋ ስትሰፋ ወደ ውስጥ ገባ። በየዓመቱ ግን ሳያቋርጡ ሄደው ይከፍላሉ። ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ቀን አሳይተውኛል፣ አንዳንዱ ጽሑፉ ለቋል። "ይሄ ነው ካርታዬ" አሉኝ። ተሳስተዋል ልላቸው አልቻልኩም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1168 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ አሥራ አምስት ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት ይሆናል ይል ነበር። ዛሬ በዚያ አንቀጽ መሬት የግል አይደረግም። ሐሳቡ ግን በሰው ልብ ውስጥ አለ፦ የከፈለ ሰው የዚህ ቦታ ሰው ነው። ባለ ካርታዋ እኔ ሳልከፍል ካርታ የሌላቸው እትዬ ይከፍላሉ። በሁለታችን በር የሚያልፈው የውሃ መውረጃ ቦይ አንድ ነው። ቦዩ ሲደፈን እኔም እሳቸውም "ማዘጋጃ ቤቱ ምን ይሠራል?" እንላለን። እሳቸው ለማለት መብት አላቸው።

ወንድሜን ነፃ ለማውጣት ደግሞ አንድ ሌላ ክርክር ሞከርኩ። በዚህ አገር መንገድ አይሄድም፣ በዚህ አገር መብራት አያነብም፣ ስለዚህ ምን ተጠቅሞ ነው የሚከፍለው? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአንድ አገር መሬት የያዘ ሰው በአፉ ባይናገርም በመያዙ ብቻ ለዚያ አገር ሕግ ተስማምቷል ብሎ ነበር። ዝምታ ስምምነት ነው እንደማለት። ወረቀት ላይ ሳነበው አልተዋጠልኝም። በኋላ ግን የወንድሜን ነገር አሰብኩት። እሱ ራሱ ይህን አልካደም እኮ! ከዚያ ሩቅ አገር ሆኖ "መጀመሪያ ግብሩን" የሚለው እሱ ነው። ምናልባት እዚያ በሚኖርበት ቦታ ምንም ነገር የሱ ስላልሆነ ይሆናል። ሱቁ በአንድ ሌሊት ሊዘረፍ ይችላል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ይታደሳል አይታደስም። እዚህ ግን በስሙ የሚከፈል ግብር አለ። ይህንን ነው እኔ የወሰድኩበት።

አንዳንድ ጓደኞቼ ነገሩን ሲሰሙ "ጎበዝ፣ አለመክፈልም ተቃውሞ ነው" አሉኝ። ወሬው ደስ ይላል። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ባርነትንና የሜክሲኮን ጦርነት የሚደግፍ መንግሥት አልደግፍም ብሎ የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፈለም፤ እ.ኤ.አ. በ1846 አንድ ሌሊት ታሰረ። የሚገርመው እሱም ስድስት ዓመት ነበር ያልከፈለው። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ እምቢ ብሎ ተነሳ፤ ጦር ዘመተበት፣ በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ማሩ። በባሌም ግብር ያልተከፈለበት ነው እየተባለ መሬት መወሰዱ የዚያን አመፅ እሳት ካቀጣጠሉት አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን እምቢ አሉ። እምቢ ማለት ድምፅ አለው፣ ሰው ፊት ይባላል፣ ዋጋ ይከፈልበታል። የኔው ማዘግየት ነበር። ማዘግየት እምቢ አይልም፣ እሺም አይልም፤ እሺ እያለ አይሄድም። ቶሮ እስር ቤት ሄደ። እኔ ስልክ ገዛሁ።

ስለ ጎጃሙ ምሕረት ሳነሳ አንድ ነገር ልጨምር። መንግሥታት አልፎ አልፎ ቅጣትና ወለድ ሲያነሱ ሁላችንም እናጨበጭባለን፣ እኔም በዚያ ሰሞን ብሰማ እሮጥ ነበር። ግን እትዬ ምን ይላሉ? በሰዓቱ የከፈለው ሰው ከምሕረቱ አንድ ሳንቲም አያገኝም። ምሕረት ሲደጋገም "ቆይ፣ ይነሳ ይሆናል" የሚል ሌላ ትምህርት ያስተምራል። አንዳንዴ መማር ተገቢ ነው፣ ይህን አልክድም፤ በተለይ ሰብሳቢው ራሱ ሲያጠፋ። ዋናውን ከፋዩ ይክፈል፣ ባልተነገረው ዓመት ላይ የተቆለለውን ቅጣት ግን ዝም ያለው ወገንም ቢካፈለው ፍትሕ ይመስለኛል።

ይህን ለማለት ያበቃኝ ዕድራችን ነው። ዕድር ላይ ሁለት ወር ያልከፈለ ሰው መጀመሪያ ቅጣት አይመጣበትም። መጀመሪያ ሰው ይመጣበታል። "ምነው ጠፋሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?" ይባላል። ታሞ ከሆነ ይታያል፣ ከሥራ ወጥቶ ከሆነ ይታለፋል፣ ዝም ብሎ ከሆነ ያኔ ቅጣት ይጣላል፣ ከዚያም ስሙ ይሰረዛል። በከምባታም በሀዲያም ሴራ የሚባል የኖረ ሥርዓት አለ (በአማርኛ ሲሰሙት ክፉ ይመስላል፣ እኛ ጋ ግን ሕግና ማኅበር ማለት ነው)፤ ያዕቆብ አርሳኖ ስለ ከምባታው ጽፈውበታል። እዚያም ጥፋተኛው ተጠርቶ ይሰማል፤ አልመለስ ካለ ሰው ሁሉ ያገለዋል፣ እሳት እንኳ የሚያበድረው ያጣል። ቅጣቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ይከብዳል። ግን ሳትሰማ አትቀጣም። ከተማ ሺህ ፋይል አለው፣ እንደ ዕድር በየቤቱ አይሄድም፣ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ዛሬ ባንኩ ሦስት ብር ሲቆርጥብኝ አጭር መልእክት ይልክልኛል። ስድስት ዓመት የቤት ግብር የሚያስታውስ አንድ መስመር መልእክት ከባድ አይመስለኝም።

እሺ፣ ተነገረኝ እንበል፣ አሁንም አልከፈልኩም። እስከ የት ድረስ ሊሄዱብኝ ይገባል? አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ጄራልዲን ታይለር የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። አንዲት አነስተኛ አፓርታማ ነበረቻቸው፤ ወደ ሌላ ቦታ ሲዘዋወሩ የንብረት ግብሩ ሳይከፈል ቀረ። 2,300 ዶላር ገደማ የነበረው ከቅጣትና ወለድ ጋር 15,000 ሆነ። ሄነፒን ካውንቲ አፓርታማዋን ወስዶ በ40,000 ሸጠ፤ ዕዳውን አንስቶ የተረፈውን 25,000 ለራሱ አስቀረ። ጉዳዩ እስከ ላይ ደርሶ፣ ሴትየዋ በ94 ዓመታቸው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 ላይ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለሳቸው ፈረዱ። መንግሥት ዕዳውን መውሰድ ይችላል፤ ከዕዳው በላይ ያለው ግን የሰው ንብረት ነው። የእኛም የ2008ቱ የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ከሐራጅ ሽያጭ የተረፈው ለባለንብረቱ ይመለስ ይላል።

ይህ ጥሩ ነው፤ ለኔ ግን አልበቃኝም። የተረፈው ብር ይመለስልኝ፣ አማ የት ትደር? 12,000 ብር ለመሰብሰብ አንዲት እናት የምትተኛበት ጣሪያ ሐራጅ ቢወጣ ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ነገሩ ስሕተት ይሆናል። ሰብሳቢው ደሞዜ ላይ ይምጣ፣ ባንክ ያለኝን ያግድ፣ ስልኬን ይውሰድ፤ የሰው መኖሪያ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ይቀመጥ። ቅጣቱም ቢሆን ከዋናው ዕዳ ሲበልጥ የማዘግየት ዋጋ መሆኑ ይቀርና ራሱን የቻለ ገቢ ይሆናል። እዚያ ላይ ሰብሳቢው የኔን ዝምታ መውደድ ይጀምራል ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሊለወጥ ነው። በ2015 አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብሯን በአዲስ ግምት አሳደገችው፤ ነዋሪው ጮኸ፣ ጉዳዩ ችሎት ቀረበ፣ በ2016 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሠራሩ የሕግ መሠረት የለውም ብሎ ወሰነ። በጥር 2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። ግብሩ ከእንግዲህ የሚሰላው በኪራይ ግምት ሳይሆን በንብረቱ ዋጋ ላይ ነው፤ ዝርዝሩን ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ይወስናሉ። የኛ ክልል፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ የተመሠረተው ገና በነሐሴ 2015 ነው። ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የቦታ ዋጋ ያለበትን ሁኔታ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የእትዬ ጭቃ ቤት በገበያ ዋጋ ሲታይ ሀብታም ሊያደርጋቸው ነው፤ የሚሸጡት ቆጮ ግን ያው ነው። በአዲሱ ስሌት ስድስት ዓመት ዝም ያለ ቤት 12,000 ላይ አይቆምም።

ለወንድሜ የነገርኩት ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ። ከመደወሌ በፊት የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፦ ፋይሉ አልተገኘም፣ ማስታወቂያ አላኩም፣ አማ ታማ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ስልኩን ሲያነሳ ግን ድምፁ ደክሞ ነበር፣ እኔም ሁሉንም ዘልዬ "አልከፈልኩም" አልኩት።

"የትኛውን ዓመት?"

"አንዱንም።"

ዝም አለ። ከጀርባው የመኪና ድምፅ ይሰማኛል።

"ደረሰኝ ያልጠየቅኩሽ ለምን ይመስልሻል?" አለኝ ቆይቶ።

መልስ አልነበረኝም። መሥሪያ ቤቱን ለምን አልጠየቃችሁኝም ብዬ ስከስ የሰነበትኩበት ነገር ከሱ አፍ ሲመጣ ሌላ ነበር። እነሱ ያልጠየቁኝ ስላላዩኝ ነው። እሱ ያልጠየቀኝ ስላመነኝ ነው። ሁለቱንም ዝምታ እኩል ተጠቅሜባቸዋለሁ።

"የአማ ጉልበት ላይ የዋለውን አትቁጠሪው" አለ። "የስልኩን ግን ትከፍይኛለሽ።" የስልኩን ነገር ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። አማ ትሆናለች።

ለጋሼ በሦስት ጊዜ እንድከፍል ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ተፈቀደ። የመጀመሪያውን ከደሞዜ፣ ሁለተኛውን ከዕቁብ፣ ሦስተኛውን ስልኩን ሸጬ። የመጨረሻውን ቀን ስድስት ደረሰኝ ቆረጡልኝ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ፣ በእያንዳንዱ ላይ ማኅተም እየረገጡ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች አጉረመረሙ፤ እትዬም መሃላቸው ነበሩ፣ ፌስታላቸውን ይዘው። ያን ያህል ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ስቀበል ሲያዩኝ ምንም አላሉም። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

"የሚመጣውንስ?" አሉኝ ጋሼ፣ ክሊራንሱን እየፈረሙ።

"ሐምሌ 1 ጠዋት እዚህ ነኝ።"

"ኧረ ሐምሌ 1 እንኳ አትምጪ" አሉ። "ሂሳብ እንዘጋለን፣ ማንንም አናስተናግድም። ሳምንት ቆይተሽ ነይ።"

ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ተሰልፌ ነበር፣ አሥራ አንደኛ።